የሰማያዊ ነካሪዋ ልጅ

ሰፈርተኛው እናትየዋን «እጀ ሰማያዊ» ይላት ነበር። ግቢዋ ውስጥ በርሜሎች ደርድራ ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣ ቅጠል ከአመድ ጋር ታቦካለች፤ ሽታው የጎረቤቱን መስኮት ሁሉ ያዘጋል። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው፤ በሎሚ ቢሉት በአሸዋ አይለቅም። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ያሳደገችው በዚሁ ክርና ጨርቅ በመንከር ነው።

ልጅቷ «እማዬ፣ እኔንም አስተምሪኝ» ስትላት፣ «እኔ የተነከርኩት ይበቃል፤ ሂጂ አጥኚ» ብላ ከበርሜሉ ታርቃታለች።

አጠናች። ቢሮ ተቀጠረች፤ እዚያው ከሚሠራ ልጅ ጋርም ተዋደደች። ሠርጉ ሲቃረብ የልጁ እናት ለብቻዋ ጠርታት፣ «የኔ ልጅ፣ የምንጠራቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እናትሽ እንግዲህ... እጃቸውን እንዴት ያደርጉት ይሆን?» አለቻት።

ቤት ገብታ የተባለችውን ለእናቷ ነገረቻት። እናትየዋ ክር እየጨመቀች ሰማቻት።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«እሺ» አለችና ክሩን ገመዱ ላይ አሰጣችው።

የሠርጉ ዕለት እናትየዋ ወገቤን አመመኝ ብላ ቀረች። ልጅቷ አለቀሰች። ከልቅሶዋ ሥር ግን እፎይታም ነበረ።

ትዳሩ አልሰመረም። ባሏ ሌላ ወዶ ጥሏት ሄደ፤ ቢሮውም ሠራተኛ ሲቀንስ እሷን አስቀደመ። ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ስትመለስ የእናቷን ጣቶች በቁርጥማት ተቆላልፈው አገኘቻቸው። እናትየዋ ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለቻትም። እርጥብ ጨርቅ አቀበለቻትና «ጭመቂ፤ እኔ አልችልም» አለቻት። ትምህርቱ በዚሁ ተጀመረ።

ጨርቁ ከበርሜሉ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው ነፋስ ሲነካው ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ያየች ቀን ተገርማ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

«ድሮ ይህን የሚለብሱት ባለጸጎች ነበሩ፤ እናቴ እንደነገረችኝ» አለቻት። «ነካሪውን ግን ከከተማ ዳር፣ ከቆዳ ፋቂው ጎን ነበር የሚያሰፍሩት። ጨርቁን ይወዱታል፣ እጁን ይጸየፉታል።»

የልጅቷም ጥፍር ሰማያዊ መሆን ጀመረ። አንድ ቀን ጨርቅ ሲያሰጡ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ የሠርጌ ቀን እውነት ወገብሽን አሞሽ ነበር?»

«ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ነይ ብትይኝ ጓንትም አጥልቄ እመጣ ነበር። አላልሽኝም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ጨርቁን ገልብጪው፤ በአንድ ወገን ብቻ እየደረቀ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሣም። ሥራው ግን ቀጠለ፤ ቅጠሉ ቦክቶ መድረሱን ከሽታው መለየትም ለመደች። እናትየዋ ቀይ መንከርም ታውቅበት ነበር። ቀዩ ከትንሽ ትል ነው የሚወጣው፤ «የለበሰው ትል መልበሱን ቢያውቅ ይህን ያህል ባልኮራ» ትል ነበር። የትኛው ትል እንደሆነና እንዴት እንደሚፈጭ ልጇ በጠየቀቻት ቁጥር መልሷ «ቆዪ» ነው። እናትየዋ ስትታመምም ጠየቀቻት፤ ያኔም «ቆዪ» አለቻት፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

የቀዩን ሳትነግራት እንዲሁ ሞተች።

አሁን በርሜሎቹ የልጅቷ ናቸው። ደንበኛ መጥቶ እናትሽ የምትሠራውን ዓይነት ቀይ ስጪኝ ሲላት ከሥራዋ ቀና አትልም።

«ቀይ የለም» ትላለች፤ «ሰማያዊ ብቻ ነው ያለው።»