የአስተርጓሚው ሱሪ በድሪቶዬ ላይ

ድሪቶውን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ልጆቼ ይህን ቡትቶ ለምን ታቅፊያለሽ ሲሉኝ አጣጥፌ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አሁን የምጽፈው ያቺ የድሮ ጎረቤቴ በየለቅሶው ቤት ወሬዋን ስላበዛችው ነው። "ወንድሟን ያተረፍኩላት እኔ ነኝ" ትላለች። ሰውም ያምናታል፤ እንባ ቅርቧ ነው።

ጣሊያን ቡታጅራን ይዞ በነበረበት ዘመን ወንድሜ ከዱር ቆስሎ መጣብን። ከጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል ሸሸግነው። ለብሶት የመጣው ከሞተ የጠላት ወታደር ላይ የገፈፈውን የካኪ ኮት ነው። ያ ኮት ቢገኝ ለእሱም ለእኛም መሰቀል ነበር። እንዳናቃጥለው የጨርቅ ጭስ ሰፈር ይጠራል። እንዳንቀብረው ውሻ አለ። እናቴ አሰብ አደረገችና "ቆራርጪውና የአልጋ ድሪቶ አድርጊው። ድሪቶን ቀድሞ ምን ነበርክ ብሎ የሚጠይቅ የለም" አለችኝ።

ደሙን በእንዶድ አጥቤ ኮቱን ቀደድኩት። አሠራሬ እንዲህ ነበር፦ ጨርቁን አራት ማዕዘን እቆርጥና ከጥግ እስከ ጥግ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። የሚወጣው ሦስት ማዕዘን ረጅሙ ጎኑ ድሩን ስለማይከተል ይለጠጣል። ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች በዚያ ጎን ስትገጥሚ ታዲያ መጎተት የለም፤ ከጎተትሽው ይጣመማል፣ ውሎ አድሮም ስፌቱ ይፈታል።

ጥቂት እንደሰፋሁ ጎረቤቴ ገባች። ባሏ የጣሊያኖች አስተርጓሚ ነበር። በሰፈራችን አንዲት ሴት የአልጋ ልብስ ስትጀምር ያየች ሴት ከቤቷ ቁራጭ ይዛ መጥታ አብራ ትሰፋለች፤ የአንዱ ካሬ ግማሹ ከአንዷ ቤት፣ ግማሹ ከሌላዋ ይሆናል። አልፈልግም ማለት በዚያ ልብስ የሚተኛውን ሰው እንደ መራገም ነው። ስለዚህ ተቀመጪ አልኳት።

አንዱን ቁራጭ አንስታ በሁለት ጣቷ ሳብ ሳብ አደረገችው።

"እቴ፣ ይሄ እንደ አቡጀዲ አይለጠጥም። ጠንካራ ነው።"

"ከገበያ ነው።"

"ከየትኛው ገበያ?"

"ከእንሴኖ።"

"እንሴኖ ካኪ መሸጥ ጀመረ? እኔ በርበሬ ብቻ ነው የማውቀው።" ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም።

በማግስቱ የባሏን ያረጀ የካኪ ሱሪ በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ጉልበቱ ላይ በገዛ እጇ የጣፈችው ጥፍ ነበረበት። "ከአንቺው ጎን ግጠሚው፤ ይመሳሰላሉ" አለችኝ። የኔው ጨርቅ ከወታደር ልብስ መሆኑን አውቃ ነው? እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ቃሏ ነው። ያም ሆኖ እምቢ ማለት አልቻልኩም። አብረን ሰፋን። እኔ በዝግታ፣ እሷ እየጎተተች። ጥፍ ያለበትን ቁራጭ ግን ሆን ብዬ መሃል ላይ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አደረግሁት።

ሳምንቱ ሳይሞላ ባሏ ሁለት ነጭ ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ልብ በሉልኝ፤ ቆጡን አላየም፤ የእህል ማስቀመጫውን አላየም፤ ወደ ጓሮም አልዞረም። በቀጥታ ወደ መደቡ ሄዶ ድሪቶውን ገለጠ።

"ይሄ ካኪ ከየት መጣ?"

"ከእርስዎ ቤት ነው ጌታዬ" አልኩ። "ባለቤትዎ አምጥታ ነው አብረን የሰፋነው። መሃሉን ይዩት፤ የእጇን ጥፍ አያጡትም።"

አጎንብሶ አየው። ጥፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ጣቱ እዚያው ቆመ። የመንግሥት ልብስ ከቤቱ ወጥቶ ለሰው መከፋፈሉን ለአለቆቹ ሊተረጉም አይችልም። ቀና ብሎ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላቸው። አንደኛው ወታደር ሳቀ። አስተርጓሚው ድሪቶውን መደቡ ላይ ወርውሮት ሦስቱም ወጡ። እናቴ ማጭዷን ይዛ እንሰት የምትቆርጥ መስላ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ወንድሜም ሲመሻሽ ወደ ተራራው ተሻገረ። ዳነ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በዚሁ ጉዳይ ነው።

"ሱሪውን ባታመጣልሽ ኖሮ ያን ቀን ምን ልትመልሺ ነበር?" አለኝ።

"እሷ ባትናገር ኖሮ መች እጠየቅ ነበር?"

"መናገሯን አየሽ?"

"አንተስ የሰውየውን አካሄድ አየህ? እንሰት ውስጥ ነበርክ።"

ከዚያ ወዲህ እሱ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቷ እየሄደ ጉልበቷን ይስማል።

እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ፣ ጠየቅኳት። ጥያ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር።

"ባልሽ ለምን ቀድሞ መደቡን ነካ?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ሰው ቤት ሲገቡ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መደብ ላይ አይደል? ምነው አንቺ፣ ምስጋናሽ ስንት ዘመን ፈጀ?"

"ቤታችን ጨለማ ነበር" አልኳት። "ከብርሃን የገባ ሰው ደጃፉ ላይ ቆም ሳይል መደቡን አያገኘውም።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። 

ድሪቶው ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ ነው። እሷ እየጎተተች የሰፋቻቸው ካሬዎች ተጣመው አፋቸውን ከፍተዋል። የኔዎቹ እንደ ተሰፉ ናቸው። ልጄ መርፌ አምጥታ ልጠቅምልሽ ብትለኝ ከለከልኳት። ባለበት ይቆይ፤ ማን እንዴት እንደሰፋ ይታይ።