ኮምፒውተሩ የሸሸው ክፍል

ዛሬ ጎፋ አካባቢ፣ ድሮ በነርስነት የሠራሁበት ሆስፒታል ጎራ ብዬ ደሜ ፈልቶ ተመለስኩ። የነርሶች ማረፊያ አሁንም ያው ክፍል ነው!

በሰማንያዎቹ መጨረሻ እዚያ ክፍል አዲስ ኮምፒውተር ገባ። ስክሪኑ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የጥገናው ሰው መጥቶ "ከግድግዳው ጀርባ ያለው የመብራት ትራንስፎርመር ማግኔት ነው የሚረብሸው፤ ኮምፒውተሩ እዚህ ከቆየ ይበላሻል" አለ።

ኮምፒውተሩ በዚያው ቀን ወጣ። ባዶውን ክፍል ለእኛ ለነርሶቹ ማረፊያ ብለው ሰጡን።

ግድግዳው ይሞቃል ብለን ተደሰትን እኮ! በዚያ ክረምት ነፍሰ ጡሯን ጓደኛችንን አስቀድመን ግድግዳው ሥር አስተኛናት።

ቆይቶ ነገሩ ሲከነክነኝ አለቃችንን "ጋሼ፣ እኛንስ አይጎዳንም?" አልኳቸው።

"አንቺ ደግሞ ምን ስክሪን አለሽ?" ብለው ሳቁ።

በእናንተስ መሥሪያ ቤት ከሰው ቀድሞ የዳነው ዕቃ ምን ነበር?