ማንደፍሮን ኮረንቲ ገደለው ለምትሉ

አላመንሁም። ጠዋት ከቢቸና «ማንዴ አረፈ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ የሆነ ሰው ቀልድ መሰለኝ። ትናንት እኮ ስልክ ላይ ስንስቅ ነበር።

ደወልሁለት። ያነሱት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። «አምፕሊፋየር ሲነካካ ኮረንቲ ያዘው» አሉኝ። አምፕሊፋየሩ የት አለ ብላቸው «አውጥቼ ጣልሁት» ብለው ዘጉብኝ።

ከለቅሶዬ ጥርጣሬዬ ቀደመ። ሰው በሞተበት ቤት መጀመሪያ ዕቃ የሚያወጣ ማን ነው?

ለማታውቁት፣ ማንዴ ቢቸና ውስጥ መምህር ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ከተጣለ ቴሌቪዥንና ከመኪና ቴፕ የማይሠራው ነገር አልነበረም። እኔም ሞጣ ሆኜ ያው እብደት አለብኝ። የተዋወቅነው እዬዬ እያለ ያስቸገረኝን አምፕሊፋየር ተሸክሜ ቢቸና የሄድሁ ዕለት ነው።

«መጀመሪያ እንጠርጥረው» አለኝ። ሁልጊዜ የሚላት ነገር ናት። ስፒናውን ከሶኬቱ ነቀለና ገመዱ እንደተያያዘ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሰው ሳያውቅ መልሶ እንዳይሰካበት ነው። ክዳኑን ፈታ። ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በአምፖል አራገፈ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ነው እጁን ያስገባው። ሚስቱ አበሩ «እኔንም እንዲህ መርምሮ ነው ያገባኝ» ብላ አሳቀችን።

አዲስ ዕቃ ከነላስቲኩ ብትሰጡት እንኳ ሳይለካ አይገጥመውም። አንዴ ከካርቶንና ከማጉያ መነጽር ፕሮጀክተር ሠርቶ የጎረቤት ሰርግ ግድግዳ ላይ ሲያሳየን ሙሽሮቹ ተዘቅዝቀው ወጡ። እኛ በሳቅ ስንፈርስ እሱ ግድግዳውን ጭምር ጠርጥሮ ይዳስስ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው ነው በቸልታ ኮረንቲ የሚይዘው? እዚህ ገጽ ላይ «የማያውቁትን መነካካት መጨረሻው ይሄ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁ፣ አይታችኋል? ሲሰካው ነበራችሁ? ማን ሰካው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ወንድሙንም ሳይቀር ጠርጥሬ ነበር።

ከሰዓት አበሩ ደወለችልኝ። ድምጿ አልቋል።

«እቴ፣ ሊገንዙት ልብሱን ሲያወልቁ ስፒናው ኪሱ ውስጥ ነው። የአምፕሊፋየሩ ክዳን እንኳ አልተፈታም። ተደፍቶበት ሲያገኙት ኮረንቲ መስሏቸው ወንድሙ ገመዱን በፒንሳ ቆርጠው ነው ዕቃውን ያወጡት። ደረቱን እያሸ ሰነበተ እኮ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው ድካም ነው፣ ያልፋል ይለኛል።»

ማንዴ፣ የፋብሪካ ማኅተም ያለበትን ዕቃ የማታምን ሰውዬ፣ የራስህን ደረት እንዴት ዝም ብለህ አመንኸው? ለሁለት ብር ሬዚስተር ግማሽ ቀን የኮረንቲ መለኪያ ይዘህ ትቀመጥ የለም? ተናድጄብሃለሁ። እያለቀስሁ ነው የተናደድሁት።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ ቢቸና እመጣለሁ። በቸልታ ሞተ የሚል ካለ ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ዝም አልልም፣ እነግረዋለሁ። ለሰው ሁሉ መልስ አለኝ። አበሩ ግን «እጁን ይዤ ጎትቼ ብወስደው ኖሮ» እያለች ነው፤ ለእሷ የምላት ቃል የለኝም።

ደህና ሁን ወንድሜ። እግዚአብሔር እንደ ቸርነቱ ይቀበልህ፤ እሷንም አደራ በለው።