የእናቴ ጉንጭ ላይ የቀረው ጋዜጣ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ዛሬ ዋሽቻለሁ።

በየቀኑ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል እየሳልኩ እዚህ እንደምለጥፍ ታውቃላችሁ። ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኔ ነው።

ሃያ ሁለት አካባቢ ካፌ ያላቸው እትዬ አልማዝ የእናቴን ሥዕል እዚህ አይተው «አምጪው፣ ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው» ብለውኝ ነበር። ሥዕሌ ሰው ፊት ሲሰቀል የመጀመሪያዬ ስለሆነ በደስታ በጋዜጣ ጠቅልዬ በታክሲ ወሰድኩት።

ካፌው ውስጥ ስፈታው ጋዜጣው ተጣብቋል። ስስበው የእናቴ ጉንጭ ግማሹ አብሮ ተላጠ፤ የቀረው ላይ የኳስ ዜና ቁራጭ ተለጥፎ ቀረ።

«እናትሽ ጋዜጠኛ ናት እንዴ?» አለች አስተናጋጇ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ፣ ከድንጋጤ።

እትዬ አልማዝ ግን አልሳቁም። «አይዞሽ ሚጣ፣ ታስተካክይዋለሽ። መቼ ይደርቃል?» አሉኝ።

«በሦስት ቀን» አልኳቸው።

አይደርቅም። የሥዕል ዘይቴ ካለቀ ጀምሮ ቀለሙን የማቀጥነው እናቴ ወጥ በምትሠራበት ዘይት ነው። እንደማይሆን ካወቅኩ ሳምንት አልፎኛል፤ የበፊቶቹም ሲነኩ እስከዛሬ እጅ ያቆሽሻሉ። ለእናንተ ግን «ደረቁ» ብዬ ጽፌ ነበር።

እትዬ አልማዝ አምነውኝ ግድግዳው ላይ ምስማር መትተው ባዶውን ትተውታል። ከሳቁ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው።

እናንተስ፣ አፍራችሁ ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት አስተካከላችሁት? ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።

እኔ ነገ ጠዋት ብሩሽ ሳልነካ ካፌው ሄጄ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሥዕል አይደርቅም፣ እያወቅኩ ነው የዋሸሁዎት» እላቸዋለሁ።