የአያ አለሙ ጓዳ

በጥቅምት መጀመሪያ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት የቢሮ ሠራተኛ አንድ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ሰጠችኝ። ለውጭ ባለሀብቶች የተዘጋጀ ነው። ለም መሬት፣ በበጋ የማይደርቅ ወንዝ፣ ማር፣ በርበሬ፣ የቅባት እህል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ይህን ሁሉ እኔ ከሃምሳ ዓመት በፊት ጽፌው ነበር።

ያኔ በጃንሆይ ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ፍኖተ ሰላም በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እገለብጣለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በወረቀቱ ጀርባ ግጥም እሞክራለሁ። እንግሊዝኛውንም እንደ ግጥሙ ያለ አስተማሪ ከአሮጌ ጋዜጣ ለቃቅሜ ነው የተማርሁት። የዘይት መጭመቂያ ሊተክል ያሰበ አንድ ፈረንጅ ሊመጣ ነው ሲባል፣ የአገሩን ሀብት የሚያሳይ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። እንደ ግጥም ለፋሁበት። የቡሬ አፈር ዱላ ቢተክሉበት ያብባል ብዬ ጻፍሁ።

ፈረንጁ አንብቦ፣ "አሳየኝ" አለ። ከቡሬ ወዲያ ወዳሉት ወዳሳደጉኝ አጎቴ፣ ወደ አያ አለሙ ወሰድሁት። ጥር ነው። ኑጉ ተወቅቶ ገብቷል፤ በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ያስነጥሳል። አያ አለሙ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ፈረንጁ ደብተሩን ከፍቶ ስለ ኑጉ ምርት ጠየቀ፤ እኔ ተረጎምሁ።

"የምን ኑግ?" አሉ አያ አለሙ። "በረዶው አርግፎት! አንድ ስልቻም አልሞላን።"

"የኔ ሚስትማ ለምጣድ ማሰሻም አጥታለች" አለ አንዱ ጎረቤት፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አገሬው ምርቱን ለእንግዳ አይጠራም። የተጠራ እህል ወይ ዓይን ይበላዋል፣ ወይ ነገ ለግብር መሬት ለኪ ያስከትላል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ፈረንጁ ግን ወረቀቴን አውጥቶ፣ "ታዲያ ይህን የጻፈው ማነው?" ብሎ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ መቻል አቃተኝ። እጁን ይዤ ጓዳ አስገባሁት፤ የጎታዎቹን ክዳን አንድ በአንድ አነሳሁ። ኑጉ እስከ አፉ ሞልቶ ያብለጨልጫል። ፈረንጁ እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ሳቀ።

ስንወጣ ዋርካው ሥር አያ አለሙ ብቻቸውን ነበሩ።

"አየልህ?" አሉኝ በቀስታ።

ፈረንጁም መሬቱ የዘር ርስት እንደሆነ፣ ብቻውን ሊሸጥለት የሚችል ሰው እንደሌለ ሲረዳ አመስግኖ ሄደ። አልተመለሰም።

ለዚያ ዓመት ፋሲካ በእግሬ አያ አለሙ ቤት ሄድሁ። እንደ ቤት ልጅ በቀጥታ ወደ ጓዳ ላልፍ ስል፣ የአጎቴ ሚስት እትዬ የሻረግ ውሃ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

"መደቡ ላይ አረፍ ይበሉ፤ እግርዎን ልጠብዎት።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"እንዴታ፤ እንግዳችን።"

አጎዛ ተነጠፈልኝ። ከዶሮው ፈረሰኛው ደረሰኝ። ጠላዬ ሳይጎድል ይሞላል፤ አያ አለሙ፣ "ይብሉ እንጂ፣ ምነው?" ይላሉ። ልጆቹ ጓዳ ውስጥ ሲሳሳቁ ይሰማኛል፤ በምን እንደሳቁ ወጥቶ የሚነግረኝ ግን አልነበረም። አያ አለሙ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ሄጃለሁ። መስተንግዶው አንድም ቀን አልጎደለም።

"አባባ፣ እንዴት አዩት?" አለች ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ያለችው ልጅ። የመጽሔቱ መጨረሻ ገጽ በትልቁ፣ "ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው" ይላል።

"ልክ ነው ልጄ" አልኋት። "እኔንም ተቀብለውኛል።"

መጽሔቱን መለስሁላት። ከመስኮቱ ውጪ ኑጉ እስከ ኮረብታው ድረስ ቢጫ ነበር። ያ ጓዳ ምን ምን ይሸት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርሁ።