ሚኒስትሩ ኮሚቴው ፊት የቀረቡ ዕለት

ጣልያን ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እኔ ያኔ አዳማ በአገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት የምሠራ፣ ጺሜ ገና ያቀመቀመ ጸሐፊ ነበርኩ። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ቀን ነገር ግን ብቻዬን ስቀመጥ ይመጣብኝና ፊቴ ይግላል። ሚስቴ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ሙቀቱ ነው እላታለሁ።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ምክር ቤት ከተቋቋመ ብዙ አልቆየም። ከምክር ቤቱ ሰዎች ሦስቱ ኮሚቴ ተብለው ወደ እኛ ወረዱ። ቃሉ ለኛ አዲስ ስለነበረ የከተማው ሰው ኮሚቴ የሚባል ትልቅ ሹም መጣ እያለ ያወራ ነበር። ሹሙን ለማየት ደጃችን ላይ ቆመው የዋሉም አሉ።

የመጡት የኬላ ጉዳይ ሊሰሙ ነው። ኬላ ነጋዴ ሲያልፍ ቀረጥ የሚከፍልበት በር ነው። አቤት ባዩ ከመቂ በኩል የመጡ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ አዋሽ ዳር ለግጦሽ ሲነዱ የኬላው ዘበኞች ይህ ለገበያ የሚነዳ ነው ብለው መንጋውን እንዳለ ያዙባቸው። እሳቸው ሣርና ውሃ ፍለጋ ነው ቢሉ ማን ይስማቸው። የኬላው ሹም ትእዛዙ የኬላዎቹ የበላይ የሆኑት የሚኒስትሩ ስለሆነ ያለ ሚኒስትሩ ቃል አልለቅም፤ ክረምቱ እስኪገባ ቃል ካልመጣ ከብቱ በሐራጅ ይሸጣል አለ። ከተያዙት መካከል የእርሻ በሬዎቻቸው አሉበት። በሬ ከሌለ ደግሞ የዚያ ዓመት እህል የለም።

ኮሚቴው ሲመረምረው ነገሩ በአንድ ጥያቄ የሚያልቅ ሆነ። ሚኒስትሩ ቀርበው ለግጦሽ የሚነዳ ከብት ቀረጥ አለበት ወይስ የለበትም ተብለው ቢጠየቁና የለበትም ቢሉ በሬዎቹ ያን ዕለት ማታ መንገድ ይጀምራሉ። ግን ምክር ቤቱ ያለ ጃንሆይ ፈቃድ ሚኒስትር መጥራት አይችልም። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንድ አረጋዊ ፊታውራሪ፣ አዲስ አበባ ተመልሰው ደጅ ጠንተው ፈቃዱን አመጡ። ሚኒስትሩ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ባቡሩ አዳማ ለምሳ በሚቆምበት ጊዜ ለኮሚቴው ቃላቸውን ይስጡ፣ ጉዞአቸው ግን እንዳይደናቀፍ ተባለ።

ቀኑን የመቁረጡና ሥርዓቱን የማዘጋጀቱ ሥራ ለኔ ተሰጠ። የዚያን ጊዜ ኩራቴን ባያችሁ። ባቡሩ የሚወርድባቸውን ቀናት ይዤ ረቡዕን ለጾሙ፣ ዓርብን ለጾሙም ለጁምዓውም፣ የገበያውን ቀን ደግሞ ለግርግሩ ብዬ አስወጣሁና የቀረውን በስልክ ለሚኒስትሩ ቤት አስታወቅኩ። እሺ የሚል መልስ ሲመጣ የጃንሆይን ዘውድ የጫንኩ ያህል ተሰማኝ።

ከጣቢያው አጠገብ ዳስ አስጣልኩ። ሥርዓቱንም ራሴ ደነገግኩ፤ መጀመሪያ ምርቃት፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ከዚያ ጥያቄ። ደረቅ ጉሮሮ ያለውን እንግዳ አቁሞ የሚከስ ሰው በኛ አገር የለም። ፊታውራሪ ሰዓቱ ይበቃል ወይ ሲሉኝ ተርፎ ይመለሳል አልኳቸው። እሳቸውም የቀሩት ሁለቱ የኮሚቴው ሰዎችም ይሁን አሉ።

መራቂ ፍለጋ ዞር ዞር ስል ዓይኔ ያረፈው ኦቦ ገመዳ ላይ ነው። በዕድሜ የሚበልጣቸው አልነበረም። ግርማቸውም ደስ ይላል፤ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ሲቆሙ መሬቱ የሳቸው የሚመስል። ሚኒስትሩን እርስዎ ይመርቁልን አልኳቸው በኦሮምኛ። ጎረቤት ያስተማረኝ ቋንቋ ነው፣ እንደ አማርኛዬ እናገረዋለሁ።

"ነገሬስ?" አሉኝ።

"ከምሳ በኋላ ነዋ፤ ምን ቸገረዎት።"

እሺ አሉ።

ባቡሩ በዚያን ቀን ዘግይቶ ገባ። የጣቢያው ሹም የነበረው ፈረንሳዊ መጥቶ ዛሬ የምሳው ጊዜ ያጥራል፣ ፊሽካው ሲነፋ ማንንም አንጠብቅም አለኝ። ይኼኔ ነበር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ። ግን ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ጠጁ ተቀድቷል፣ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተክለው ቆመዋል። ሚኒስትሩም ገና ከባቡሩ ሲወርዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።

ኦቦ ገመዳ ጀመሩ። የኦሮሞ ምርቃት መቼም የማዕድ ጸሎት አይደለም። ሽማግሌው አንድ ቃል ሲል የቆመው ሁሉ ይቀበለዋል፤ ከምድሩ ይነሳል፣ ዝናቡን ይጠራል፣ ወላዷን፣ ከብቱን፣ መንገደኛውን፣ ንጉሡን ያዳርሳል። መሀል ላይ ማቋረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ክፉ ምልክት ነው። ይህን ልጅ ሆኜ በየሠርጉ አይቼዋለሁ። ለሚኒስትር ሲሆን ያሳጥሩታል ብዬ ነበር። ለሚኒስትር ሲሆን ማን ያሳጥራል!

በዚያ ላይ እኔ አለሁ አስተርጓሚው። እሳቸው አንድ ቃል ባሉ ቁጥር ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። "ቤትህ ይሙላ" ሲባሉ ሚኒስትሩ ደስ ሲላቸው አየሁና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከራሴም ጨመር ማድረግ ጀመርኩ። "የወጣው በሰላም ይመለስ፣ የተነዳው በሰላም ይግባ" ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔ ግን ያንንም አሳምሬ ተርጉሜ አለፍኩ። ፊታውራሪ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩና መልሰው ከተቱት። እሳቸውስ ምን ያድርጉ፤ ምርቃት ነው።

ሲያበቃ ቶሎ ብለን እጅ አስታጠብን። ሚኒስትሩ ሁለት ጉርሻ እንደጎረሱ ፊሽካው ተነፋ። ፊታውራሪ ተነሥተው ጌታዬ አንድ ጥያቄ ነበረን አሉ። ሚኒስትሩ እየተጣደፉ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

"ጥያቄ ያለበት አገር እንዲህ አይመርቅም፤ ደስ ብሏችኋል ማለት ነው፤ ለጃንሆይም ይህንኑ እነግራለሁ" አሉና ወደ ባቡሩ ሄዱ። ሲያልፉ እጄን ጨበጡኝ። ሥርዓቱ አማረ አሉኝ። ስሜንም ጠየቁኝ።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ በሬ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። ባቡሩ ታጥፎ እስኪሰወር እጄን እያወዛወዝኩ ቆየሁ። ዞር ስል ኦቦ ገመዳ ዘንጋቸውን እንደተከሉ ቆመው አየኋቸው። ያኔ በሬዎቹ ትዝ አሉኝ።

ፊታውራሪ እንደገና ፈቃድ ለመጠየቅ ቢሞክሩም የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር። ሚኒስትሩ ቀርበዋል፣ ሕዝቡም ደስ ብሎታል፤ ጃንሆይን ስለ አንድ ነገር ሁለተኛ ማን ያስቸግራል? ዝናቡም የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ጣለ። ከብቶቹ ተሸጡ፣ በሬዎቹም አብረው።

ከሐራጁ በኋላ ኦቦ ገመዳን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ልሸሽ ፈልጌ ነበር፤ ቀድመው አዩኝ። እንደ ወጉ እናቴን፣ ቤቱን፣ ጤናዬን ጠየቁኝ። እኔ ይቅርታ ማለት ሲገባኝ አፌን የከፈትኩት እሳቸውን ለመውቀስ ነው። እንዲህ ስል ምላሴ ለምን እንዳልተቆረጠ አላውቅም።

"ምነው ኦቦ ገመዳ፣ እዚያው ምርቃቱ መሀል ስለ በሬዎችዎ አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉ ምን ነበረበት?"

አልተቆጡም። ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብለው መለሱልኝ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መራቂ አይከስም። ለምርቃት ስታቆመኝ ክሴን ከእጄ ወስደህ ነበር።"

"ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን እሺ አሉኝ?"

"ምርቅ ተብሎ እምቢ የሚል ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝና እናትህን ሰላም በልልኝ ብለው ወደ መቂ መንገድ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ያን ክረምት ምን እንዳረሱ፣ በማን በሬ እንዳረሱ ልጠይቅ እየፈለግኩ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሰው ሲያጠፋ አንድ ነገር ያጣል ይባላል። እኔ ምንም አላጣሁም። ይልቁንም ክረምቱ ሳያልቅ ከሚኒስትሩ ቤት መልእክት መጣ። ያን የአዳማውን ሥርዓት ያሰናዳ ልጅ ፈልጋችሁ ላኩልኝ ብለዋል ተባልኩ። አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ልጆች አሳደግኩ፤ እስክሸመግል ድረስ በእንጀራ ላይ እንጀራ ተጨመረልኝ። አሁን አዳማ ተመልሼ ባሠራሁት ቤት በረንዳ ላይ ነው ይህን የምጽፈው።

ኦቦ ገመዳ በዚያ ቀን ቤትህ ይሙላ ብለው የመረቁት ሚኒስትሩን ነበር። የሳቸው በረት ባዶ ቀረ፣ የሞላው የኔ ቤት ነው።