የጋሽ አስቻለው ግራ እርካብ

እንጅባራ ውስጥ ጋሽ አስቻለውን የማያውቅ፣ እህል አስፈጭቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ወፍጮ ቤታቸው ከገበያው በላይ ነው። ደንበኛ እያነጋገሩ ጆሯቸው ድንጋዩ ላይ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ «ቆይ» ብለው ሞተሩን ያጠፋሉ። ሲናገሩ አጭር፣ ሲስቁ ረጅም ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከኩንታል ክምር ላይ ወድቀው ግራ ጉልበታቸው ተሰበረ። ዳነ፤ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። ለወፍጮ ሥራ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ለፈረስ ያስቸግራል።

በጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞች ሰልፍ ላይ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳይቀሩ ጋልበዋል። ባለፈው ዓመት ግን ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበታቸው አላስችል ስላላቸው ወርደው፣ ይባስ የሚሉትን ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ በእግራቸው ተመለሱ። የሰፈሩ ፈረሰኞች አለቃ አቶ ወገኔ ነገሩን ሳያለሰልሱ ነገሯቸው።

«አስቻለው፣ አንድ ሰው ከመሃል ሲወጣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይበተናል። ዘንድሮ ካልጨረስህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ አስቻለው። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እኔ ሱቅ መጡ። እኔ ኮርቻና የቆዳ ሥራ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ኮርቻቸውንም የምጠግነው እኔ ነኝ።

ይዘው የመጡት ጥንድ ብረት ነው። ዳንግላ ላይ የፈረስ ዕቃ የሚሸጠው ምንይችል ከአዲስ አበባ ያስመጣት ናት። እርካብ ከኮርቻው እንጨት ላይ በጠፍር ታስሮ ይንጠለጠላል። ጠፍሩ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ የታሰረበት ቦታ ግን ንቅንቅ አይልም። ይህች ብረት በሁለት ብሎን ኮርቻው ላይ ትገጠማለች። ስንዝር ያህል ርዝመት፣ ሦስት ቀዳዳ አላት። ጠፍሩን የያዘውን ፒን ነቅሎ ወደ ፊት፣ ወደ መሃል ወይም ወደ ኋላ መሰካት ነው። ለቀኝ አንድ፣ ለግራ አንድ።

«ምንይችል ምን አለዎት?»

«‹እንደ መኪና ማርሽ ናት ጋሼ፤ ለዳገት ሌላ፣ ለቁልቁለት ሌላ› አለኝ። እስከ ቅዳሜ ይሞክሯት ብሎ ሰጠኝ። የሁለት ሙክት ዋጋ ነው የሚላት። ትረባለች ወይ?»

አየኋት። ብረቷ ጥሩ ናት፤ ፒኑም አይወዛወዝም። ግን ዕቃ ጥሩ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ለዚህ ሰው መጥቀሙ ሌላ ነገር ነው። «ሳንሞክር አላውቅም» አልኳቸው። ገጠምኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ያለ መስክ ላይ ሄድን። ጓደኛቸው እንየውም መጣ። እንየው ይባስን ገርቶ የሸጠላቸው ሰው ነው፤ እስካሁንም ፈረሱ የሱ ይመስለዋል።

«ኮርቻህ ላይ የበር ማጠፊያ ገጠምህ እንዴ?» አለ ብረቷን እያየ።

«ዝም ብለህ ልጓሙን ያዝ።»

መጀመሪያ የፊተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። እግር ወደ ፊት ከተዘረጋ ጉልበት ብዙ መታጠፍ የለበትም፤ ሦስታችንም ይሄ ነው ብለን ነበር። ጋሽ አስቻለው መቶ ሜትር ሳይሄዱ ፊታቸው ተኮማተረ። እግራቸው እንደ በትር ተገትሮ፣ ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ንዝረቱ ቀጥታ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል። መሃለኛው ያው የድሮው ቦታ ነው፤ ባለፈው ዓመት ያወረዳቸው። የቀረው የኋላው ነበር። ያለ ተስፋ ሁለቱንም ጎን የኋላው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ።

ተቀመጡ። እግራቸውን አስገቡ። ተረከዛቸው የይባስን ሆድ ነካ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረስተናል። ይባስ በጉግስ፣ የሚሸሸውን ፈረሰኛ አባሮ በመምታት ጨዋታ፣ ያደገ ፈረስ ነው። ተረከዝ ከሆዱ ማሰሪያ ኋላ ሲነካው ለሱ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ፊትህ የሚሸሸውን ያዝ። በዚያች ሰዓት ደግሞ በመስኩ ዳር ባለው መንገድ የሚሸሽ አንድ ባጃጅ ነበር።

«ያዘው! ያዘው!» እያለ እንየው ሮጠ፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ይባስ ሽምጥ ጋለበ። ባለ ባጃጁ በመስታወት ሲያይ ፈረስ አየ፤ ነዳጅ ሰጠ። የሸሸ ባጃጅ ደግሞ ለጉግስ ፈረስ የበለጠ ይጥማል። ከኋላ የተቀመጠች ሴት አንገቷን አውጥታ «ኧረ በኢየሱስ ስም!» ስትል ከእኛ ድረስ ተሰማ። ጋሽ አስቻለው ልጓሙን ቢስቡም ፈረሱ የሚያውቀው ጨዋታ ስላልተፈጸመ አልቆመም። መጨረሻ ላይ ገባቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው የባጃጁን ጣሪያ ጧ አደረጉት። ይባስ ወዲያው ቆመ። ጨዋታው አለቀ፤ አሸንፏል።

ስንደርስ ባለ ባጃጁ ወርዶ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» ይላል።

«አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አሉና ወደኛ ዞሩ። «ጉልበቴ!»

«ምን ሆነ?» አልኩ ደንግጬ።

«ምንም አልሆነም! ያን ሁሉ ስጋልብ ምንም አልሆነም እኮ!»

ቆሜ አየኋቸው። እግራቸው ልክ ከሰውነታቸው ሥር ነው፤ ክብደቱን ጭናቸው ተሸክሞታል፣ ጉልበቱ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጉልበታቸው የሚፈልገውን አገኘን። ግን በሰልፍ መሃል እንዲህ የሚፈተለክ ፈረስ ይዘው ቢገቡ አቶ ወገኔ በዚያው ቀን ያሰናብቷቸዋል።

መፍትሔው የመጣው ከእንየው ነው፤ እሱም ሳያስበው። «እኔ ስገራው እኮ የምነካው በቀኝ እግሬ ብቻ ነበር» አለ። «ግራዬን እሾህ ወግቶኝ ያን ክረምት ሙሉ አልረገጥኩበትም።»

«ይሄን አሁን ነው የምትነግረኝ?» አሉ ጋሽ አስቻለው።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ቀኙን ወደ መሃል መለስኩ፤ ግራውን ኋላ ተውኩት። ይባስ ረጋ ብሎ ሄደ። አራት ቀን በዳገትም በቁልቁለትም ሞከርን። አንድ ጊዜም ፒኑን ከቦታው መንቀል አላስፈለገም።

ዓርብ ማታ የእሳቸው ቤት ቁጭ ብለን ስለ ብረቷ ስንከራከር ባለቤታቸው እትዬ እቴናት ምስር እየለቀሙ ይሰማሉ። ጋሽ አስቻለው ሊገዙ አዘንብለዋል፤ ጉልበታቸውን ያዳነች መስላቸዋለች።

«ጉልበትህ በየሳምንቱ ቦታ ይቀይራል?» አሏቸው እትዬ እቴናት።

«አይቀይርም።»

«ታዲያ ብረቱ ለምን ይቀያይራል?»

እኔ የሙያ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ አልነበረኝም። የሚነቃነቅ ነገር የሚጠቅመው ቦታውን ገና ለሚፈልግ ወይም በአንድ ኮርቻ ብዙ ሰው ለሚያስቀምጥ ነው። የእሳቸው ቦታ ተገኝቷል፤ ከድሮው አራት ጣት ወደ ኋላ። እዚያው ላይ ጠፍሩን አጥብቄ ብሰፋው ብሎን አይላላ፣ ፒን አይጠፋ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠፍሩን እዚያው ሰፋሁና ዳንግላ ሄደን ብረቷን መለስናት። ጋሽ አስቻለው አፍረዋል። «ምንይችል፣ ዕቃህ ጥሩ ነው። ተጠቀምኩበት። ግን አልገዛም።»

«ሳምንት ሙሉ ጋልበውባት?»

«አዎ። ይልቅ ዘንገና ሐይቅ ጋ ለእንግዳ ፈረስ የሚያከራዩት ልጆች አሉ፤ በቀን አሥር ዓይነት እግር ነው የሚወጣባቸው። ለነሱ ውሰድላቸው፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

ምንይችል ሳቀ። «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ ሁለት ቢኖረኝ ሱቄን እዘጋ ነበር!» በሳምንቱ ግን ሄደ፤ አራት ጥንድ ሸጦ ተመለሰ።

የበዓሉ ዕለት ብርዱ ከባድ ነበር። ጋሽ አስቻለው መሃል ላይ፣ በቦታቸው ተሰለፉ። ግራ እግራቸው ኋላ፣ ቀኛቸው ፊት ስለሆነ ከጎን ሲያዩዋቸው በአየር ላይ የሚራመዱ ይመስሉ ነበር። «አስቻለው፣ ኮርቻህን ገልብጠህ ነው እንዴ የጫንከው?» የሚል አልጠፋም። ጋሽ አስቻለው ባለፈው ዓመት የወረዱበትን ዳገት ወጡት፤ ቁልቁለቱን ወረዱት፤ ከሰልፉ ጋር ሜዳው ገብተው ይባስን አቆሙ።

አቶ ወገኔ መጡ። «ጨረስህ።»

«ጨረስኩ። ቦታዬስ?»

«የራስህ ነው። በል ውረድ፣ እንሳሳም።»

ጋሽ አስቻለው አልወረዱም። ሰው የሚወርደው በግራ ነው፤ ግራ እግራቸው ደግሞ በብርዱና በአራት ሰዓት ጉዞ ደርቆ ከእርካቡ አልወጣ አለ። መቀመጡን ሳምንት ሙሉ ለክቼ ነበር፤ መውረዱን ግን አልለካሁም።

«ወገኔ፣ አንተው ና» አሉ ከላይ ሆነው።

አለቃው ሽቅብ ተንጠራርተው ሳሟቸው። ከዚያ እኔና እንየው በሁለት በኩል ገብተን፣ እየሳቁ ተሸክመን አወረድናቸው።